ማንን አስተማርክ?

በሽኝቴ ቀን አሠሪዬ በሰው ፊት ሰደበኝ። እሱማ ያመሰገነኝ ነበር የመሰለው። ቡራዩ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ግቢ ውስጥ መጋዙ ጠፍቶ፣ ለስላሳና ዳቦ ተደርድሮ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ቅርንጫፎች የመጡት ሠራተኞች ሁሉ ከበውኝ ቆመዋል። ካባ አልብሰውኛል። ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እትዬ ሙሉ ከሌለች ይህ ቤት አይቆምም!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ደሜ ፈላ።

«እስቲ አንድ ቃል ተናገሪ» ብለው ማይክሮፎን ሲሰጡኝ አልተግደረደርኩም። «ሰለሞን፣ ያልከው እውነት ከሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ በሽኝቴ ቀን ምን ያስዋሽሃል?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ሰለሞን ግን ያውቀኛል፣ አልሳቀም። ልጁ ሄለንም አልሳቀችም። ከማግስቱ ጀምሮ በእኔ ቦታ ሆና ሠራተኛ የምትቀጥረው እሷ ናት፤ የአባቷ ንግግር ለእኔ ምስጋና ከሆነ ለእሷ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ካባውን አወለቅኩ፣ አጣጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ታክሲ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤቶቼ «በካባ ይኮረፋል እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ይኮረፋል! ለምን እንደሆነ ግን በአንድ አፍ የሚያልቅ አይደለምና ከሥሩ ልጀምረው።

ቡራዩ የገባሁት አዲስ አበባ የተወለድኩበት ሰፈር ሲፈርስ ነው። ባለቤቴ አርፏል፣ ሁለት ልጆች ይዣለሁ፣ ኪራዩ እዚህ ይቀላል ተባልኩ። ሰለሞን ያን ጊዜ ራሱ አናጺ ነበር። በኪራይ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ መጋዝና አንድ መላጊያ ማሽን ተክሎ በርና ቁምሳጥን ይሠራል። እኔን ዕቃ ቤት አስቀመጠኝ። ማጠፊያና ብሎን፣ ኮላና የብርጭቆ ወረቀት ማውጣትና መረከብ ነው ሥራዬ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። በዕድሜ ስለምበልጠው እሱ እትዬ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ጌታ ከሆነም በኋላ እንዲሁ ቀረን።

ከተማው ይሠራ ነበር። ዛሬ ጤፍ ያየንበት ማሳ ነገ መሠረት ይቆፈርበታል፤ ቤት የተባለ ሁሉ ደግሞ በር ይፈልጋል። ሰለሞን ሥራ አላጣም፣ ያጣው ሰው ነው። ደላላ የሚያመጣቸው አናጺዎች ቅዳሜ ከተከፈላቸው ሰኞ የሉም። ጎበዝ የተባለውን ማዶ ያለው ወርክሾፕ በምሳ ሰዓት ጠርቶ ይወስደዋል። ሰለሞን የሚያውቀው መከላከያ አንድ ብቻ ነበር፦ «ተያዥ አምጣ!» ሰውዬው ዕቃ ይዞ ቢጠፋ እኔ አለሁ ብሎ የሚፈርም ማለቱ ነው። ሦስት ተያዥ አምጥቶ አንድ በር ቀጥ አድርጎ መስቀል ያቃተው አናጺ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ተያዥ ሌባ ይይዝ ይሆናል እንጂ በር አይሰቅልም» ይሉ ነበር ኦቦ ዲሪባ።

ኦቦ ዲሪባ ፎርማናችን ናቸው። የመናገሻ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ እንጨት ሲልጉ የኖሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ወረቀቱን አይቀበሉም። «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉትና ያስቀምጡታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አባቱ አገር ያጫውቱታል። ልቡ ዘና ሲል ድንገት፣ «ማንን አስተማርክ?» ይሉታል።

አብዛኛው ይደነግጣል። «የት ተማርክ» የሚለውን ነዋ አጥንቶ የመጣው! አንዱ ይኩራራል፤ «እኔ ሙያዬን ለማንም አላሳይም» ይላል። እሱን አመስግነው ይሸኙታል። ሌላው ጭንቅላቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ «አንድ የእህቴ ልጅ አለ፣ ገፈርሳ ጋ ይሠራል» ይላል። የሚፈልጉት እሱን ነው። አድራሻውን ይቀበሉና በማግስቱ እኔን አስከትለው ታክሲ ይሳፈራሉ፤ የምንሄደው ተማሪው ዘንድ ነው።

እዚያ ስንደርስ ከኮታቸው ኪስ የጢም መላጫ መስታወት ያወጣሉ። ተማሪው የሠራውን በር ፊት ለፊቱን አያዩትም፤ ይንበረከኩና መስታወቱን ከበሩ ሥር ይሰዱታል። «ነይ እዪ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የበር ታችኛው ጠርዝ ማንም የማያየው ቦታ ነው። ሰነፍ ሠራተኛ ቫርኒሽ ሳይቀባው ይሰቅለዋል፤ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ በሩ ወለል መፋቅ ይጀምራል። ጠርዙ ተቀብቶ ካገኙት ጉልበታቸውን አራግፈው ይነሳሉ። «በል፣ መምህርህን ሰኞ ይምጣ በለው።»

መጀመሪያ ሰሞን በልቤ እስቅባቸው ነበር። ሰውዬው ራሱ እያለ ተማሪውን ፍለጋ ምን ያስኬዳል? አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ሰው ስለ ራሱ ይዋሻል፣ ወረቀትም ይዋሻል» አሉኝ። «የተማሪ እጅ ግን መምህሩን ያወጣዋል። መምህሩ የሰነፈበት ላይ ተማሪውም ይሰንፋል። መምህሩ የደበቀውን ተማሪው አያውቀውም። ሙያ የሚደብቅ ሰው ደግሞ፣ ኢንተላ ኮ፣ አንድ ቀን ሲሄድ ቤትሽን ይዞ ነው የሚሄደው።»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ሙያ ይደበቃል። ልኬት ሲወስድ ጀርባውን የሚሰጥ አናጺ፣ መጋዙን ሲያስተካክል «ውኃ አምጣልኝ» ብሎ ረዳቱን የሚያርቅ፣ ስንቱን አይቻለሁ። እንጀራዬን ይቀማኛል ብሎ ይፈራል። አልፈርድም። ግን አልቀጥርም!

ኦቦ ዲሪባ ጉልበታቸው ሲደክም መናገሻ ወደ መሬታቸው ተመለሱ። ሲሄዱ መስታወቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሰለሞን ሰበታ ላይ ሁለተኛውን ቤት ከፍቶ ነበርና «የሰው ኃይል ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ማኅተም ሁሉ አለው። እኔ መስታወቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጭቃ ለጭቃ መዞር ጀመርኩ። ሰበታን በጓሮ በጓሮዋ አውቃታለሁ። ሰው ቤት ገብቼ በራቸው ሥር ስንበረከክ ያበድኩ የመሰላቸው አሉ፤ አንዲት ሴትዮማ ጠበል ልትረጨኝ ነበር።

ከዚያ የሱሉልታው ሥራ መጣ። አንዲት ነጋዴ ባለ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ አሠርታ የበሩን ሥራ ሁሉ ለእኛ ልትሰጥ አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ቀለሙ ሰው ዘንድ የሌለ ይሁን። ሰለሞን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ደረጄ የሚባል ቀለም ነፊ ይዞልኝ መጣ። ናሙና ብሎ ያመጣው ጣውላ፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍ ያስከፍታል። ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጥ የሚነድ ይመስላል።

«ማንን አስተማርክ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እትዬ ሙሉ፣ ሙያ በልብ ነው!»

«እሱ ለወሬኛ የተባለ ነው። ማንን አስተማርክ?»

«ማንንም። ይህን ቀለም የምናውቀው አምላክና እኔ ነን።»

ሰለሞን ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሴትዮዋ የወደደችው ይህን ቀለም ነው፤ ልትፈርም እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች። ጥያቄሽን ለሌላ ቀን አቆይው!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ሰለሞን።»

«እትዬ ሙሉ፣ በእግዜር!»

ቀጠርኩት። ደረጄ ገና በገባ በሳምንቱ የቀለም ክፍሉን ጥግ በሸራ ጋረደው። ቀለም ሲያዋህድ ማንም አይገባም። ቆርቆሮዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይልጣል፤ ማታ ሲወጣ የተዋሃደበትን ጣሳ በቲነር አጥቦ፣ አድርቆ ይሄዳል። ሥራው ግን ወርቅ ነው! ቀለም የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሲነሳ እጁ እንደ ሸማኔ ይመላለሳል፤ አንድ ጠብታ አይንጠባጠብም። ሰለሞን በሄደ በመጣ ቁጥር ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። እኔ ሸራውን ባየሁት ቁጥር መንገዴን ቀይሬ አልፋለሁ።

ከበሮቹ ግማሽ ያህሉ አልቀው፣ የማረፊያው ምረቃ ቀን ተቆርጦ፣ ሴትዮዋ እንግዳ ጠርታ ጨርሳ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ደረጄ አልመጣም። ስልኩ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም» ይላል። ተያዡ ዘንድ ሄድን፤ ተያዡ «ዕቃ ጎደለባችሁ?» አለን። አልጎደለም። አንዲት ብሎን አልነካብንም። «ታዲያ ምን ልክፈል?» አለ ሰውዬው፤ ምን ይባላል? በሦስተኛው ቀን ሰበታ ያለ ሌላ የእንጨት ሥራ ቤት እንደወሰደው ሰማን።

ቀለም ነፊ ነን የሚሉ መጡ፣ ሞከሩ። አንዱ ቡናማ አወጣው፣ አንዱ ደም አስመሰለው። ሰለሞን ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። «አንቺ ነሽ የቀጠርሽው!» አለኝ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ጥዬው ወጣሁ፤ በቀጥታ መናገሻ ኦቦ ዲሪባ ዘንድ ሄድኩ።

አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ብዬሽ ነበር» የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ይልቅ፣ «ቀለምን በዓይኑ አይቶ የሚገጥም ማን ነው? አናጺ አይደለም» አሉ።

«ማን ነው ታዲያ?»

«መኪና ቀቢ ነዋ! የተገጨውን በር ካልተገጨው ጋር አንድ ማድረግ እንጀራው ነው።»

በማግስቱ ሰበታ ውስጥ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም ራሱን ያወድሳል። ደክሞኝ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ ረዳቱ በሩን ዘጋና፣ «ቀስ! ይሄ በር ባለፈው ተገጭቶ ገና መታደሱ ነው» ብሎ በአንዱ ተሳፋሪ ላይ ጮኸ። ዘወር ብዬ አየሁት። ከሌላው አካል የሚለይበትን አጣሁ። ወርጄ በፀሐይ አየሁት፤ አሁንም አጣሁ።

«ማን ነው የቀባልህ?» አልኩት ሹፌሩን።

«የጫልቱ ልጆች ናቸው፣ እማማ። እሷ እንኳ አልነካችውም፤ ቆማ አሠራቻቸው።»

«ጫልቱ የት ናት?» ስለው ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ መኪናውን አስቁሜ ስለነበር ነው።

ጫልቱ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ስትናገር ሰው የማትለማመጥ ሴት ናት። ተያዥ የላትም፤ ዘመዶቿ ሩቅ አገር ናቸው። ቡራዩ ይዣት ስመጣ ሰለሞን ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «ሴት ቀለም ነፊ? እሱም የመኪና? ተያዥስ?» አለ።

«ተያዦቿ ሰበታ ጋራዥ ውስጥ አሉ፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ናቸው። የነሱን ሥራ አይቻለሁ። እሷ ካልሆነች እኔም አብሬያት እወጣለሁ» አልኩት። ስለው ቀልዴን አልነበረም። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ኪራይ አለብኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ግን አልኩት።

ጫልቱ ያለቀውን በር በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ግቢ አውጥታ ፀሐይ ላይ አቆመችው፣ ዞራ አየችው፣ መልሳ ጥላ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ለሁላችንም፣ «መግጠሙን አስመስዬ ልገጥመው እችላለሁ፤ ግን አልገጥመውም» አለች።

«ለምን?» አለ ሰለሞን።

«ይሄ ቀለም አይቆይም። የእንጨት ቀለም አይደለም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፀሐይ ያገኘው በኩል ካሁኑ ፈዟል። እኔ የምነፋው ባለበት ይቆያል፣ እሱ ይሸሻል። በዓመቱ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት በር ይሆናል። ያለቁትን ፋቁና ሁሉንም እንደ አዲስ እንንፋ።»

ሰለሞን የሚረግጠው መሬት ጠፋው። «ያለቀውን? ፋቁ? ለምረቃው እኮ ጥቂት ቀን ነው የቀረው!»

«ጥቂት ቢቀርም» አለች ጫልቱ። «ደግሞ ያን ሸራ አንሱት። እኔ በጨለማ አልሠራም።»

ሸራውን የቀደድኩት እኔ ነኝ። በመሮ ነው የቀደድኩት፤ ዛሬም ድምፁ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሱሉልታ ወጥቼ ለባለ ማረፊያዋ እውነቱን ነገርኳት። የሰደበችኝን ስድብ አልጽፈውም፤ ልክ ናት። በሮቹን ፍቀን፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ሲለር ቀብተን፣ አድርቀን፣ ጫልቱ እየነፋች ጮክ ብላ እየተናገረች፣ «ቀዩ ይሄን ያህል፣ ጥቁሩ ጠብታ ብቻ፣ ኑ እዩ፣ በቃ!» እያለች ሠራን። አልደረስንም። ምረቃው ቀን የምድር ቤቱ በሮች ብቻ ተሰቅለው ፎቁ ባዶ ነበር። ሴትዮዋ በየክፍሉ መጋረጃ ሰቀለች። እንግዶቹ ደረጃ ሲወጡ መጋረጃው በሱሉልታ ነፋስ እየተገለበጠ አልጋው ሁሉ ይታያል። እኔ አጥር ሥር ቆሜ አየሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ ሥራ አልሰጠችንም፣ ለዘመዶቿም ነገረች፤ ሰለሞንም ሠራተኛ መቅጠሩን ከእጄ ወስዶ ለደላላ ሰጠው፤ እኔን ወደ ዕቃ ቤት መለሰኝ።

የደላላው ዘመን አጭር ነው። መጋዝ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሰው አጥቶ ቆመ። ሰለሞን አንድ ጠዋት ዕቃ ቤት መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «መስታወቱ አለ?» አለኝ። «የት ይሄዳል?» አልኩት። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ወደ ሥራችን ተመለስን።

ጫልቱ ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ሠራች። የእሷ ቀለም ክፍል በሩ ክፍት ነው፤ ሊማር የፈለገ ይቆማል፣ ይሞክራል፣ ይሰደባል፣ ይማራል። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ፣ «አዴ ሙሉ፣ ተፍኪ መንገድ ላይ የራሴን ልከፍት ነው» አለችኝ፤ አዴ፣ እትዬ እንደማለት ነው። አቀፍኳት። ሰለሞን ሲሰማ አበደ፤ «አስተማሪዋን አሳድገን ለተፎካካሪ!» አለ።

«ትሂድ!» አልኩት። «ደረጄ የሄደ ቀን ሥራህ ቆመ። ጫልቱ የሄደች ቀን ምን ቆመ? ስማ፣ መጋዙ ይሰማሃል? ኮምፕሬሰሩ ይሰማሃል? አስተማማኝ ሠራተኛ ማለት የማይሄድ መሰለህ እንዴ? ሰው ይሄዳል! ያገባል፣ ያረጃል፣ የራሱን ይከፍታል። አስተማማኝ ማለት ሲሄድ ቤትህን ይዞብህ የማይሄድ ነው።» ያን ቀን ጠረጴዛ ሳልደበድብ አልቀረሁም።

ሱሉልታ ላይ ሦስተኛውን ቤት ስንከፍት የሰለሞን ልጅ ሄለን ትምህርቷን ጨርሳ መጣች። በመጣች በሳምንቱ የሥራ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። ስልኳ ሲንጫጫ ዋለ፤ ሲቪ፣ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ።

«እኔ ባሌን እንኳ በፎቶ አልመረጥኩም፤ አናጺ በፎቶ ልምረጥ?» አልኳት።

«እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ በእግርዎ ስንት ሰፈር ያዳርሳሉ? እኔ ጠዋት ለጥፌ ከሰዓት ከወሊሶ ሰው ይደውልልኛል» አለችኝ። ይህቺ ልጅ ምላስ አላት። እውነትም አላት፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

ተጣላን፣ ታረቅን፣ ደግሞ ተጣላን። በመጨረሻ ማስታወቂያዋ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ያስተማሩትን ሰው ስምና አድራሻ ይጻፉ።» ያ ሁሉ የሚንጫጫ ስልክ ጸጥ አለ። ከመቶ ሰው የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ እነሱን ይዘን ሁለታችን ታክሲ እንሳፈራለን። መስታወቱን ስሰጣት ሳቀች፤ ስልኳን በካሜራው በኩል ከበሩ ሥር ሰደደችና ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። ከእኔ መስታወት ይበልጥ ያሳያል። ተናደድኩ፣ ደስም አለኝ።

እንግዲህ በሽኝቴ ቀን ሰለሞን «እሷ ከሌለች ይህ ቤት አይቆምም» ሲል ምን እንዳለኝ ገባችሁ? ደረጄ ነሽ አለኝ! ዕድሜ ልኬን ስታገለው የኖርኩትን ሰው ስም አወጣልኝ፣ በካባም ሸለመኝ!

ከዚያ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ሄለን አትደውልም። አንድ ሳምንት ሲሆን ደስ አለኝ፤ ወር ሲሆን ከፋኝ። ልጆቼ «እማዬ፣ እንዲደውሉልሽ ነው ወይስ እንዳይደውሉልሽ የምትፈልጊው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔስ መች አወቅኩት!

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ሰለሞን ነው። «ጉድሽን ስሚ! ሄለን ማንን ብትቀጥር ጥሩ ነው? ደረጄን! ለሱሉልታው ቀለም ክፍል! አላልኩም? አንቺ ከሌለሽ ይህ ቤት...»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ ሦስት ታክሲ ስለዋውጥ ምን እንደምላት ብቻ ነበር የማስበው። ደረጄን! ያን ፎቅ፣ ያን መጋረጃ ያላየች ልጅ!

ሄለን ከግቢው በር ላይ አገኘችኝ። እንደምመጣ ጠብቃ ነበር መሰለኝ፣ አልደነገጠችም።

«ጠየቅሽው?» አልኳት፣ ሰላምታም ሳልሰጣት።

«ጠየቅኩት። ሚስቴን አስተምሬያለሁ አለ። ተፍኪ ሄጄ የነፋቻቸውን በሮች አየሁ፤ ታችኛው ጠርዝ ሁሉ ተቀብቷል። እሷንም ቀጥሬያታለሁ። እሷ ትነፋለች፣ እሱ ያዋህዳል።»

«ሚስቱን ያስተማረው ወዶ መሰለሽ? ቀለሙ ደረቱን ጎድቶት መንፋት እንዳቃተው ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ ቸግሮት ነው!»

«አውቃለሁ፤ ራሱ ነግሮኛል» አለች። «ግን እትዬ ሙሉ፣ የእርስዎ ጥያቄ ማንን አስተማርክ ነው። ለምን አስተማርክ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?»

ጠይቄ አላውቅም። ኦቦ ዲሪባም ጠይቀው አያውቁም።

«ነገ ጥሎሽ ቢሄድስ?» አልኳት፣ እጄን መስጠት እንቢ ብሎኝ።

«ይሂድ! ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የጫልቱ ተማሪዎች ናቸው። ደግሞ ይሂድ ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ጠረጴዛ እየደበደቡ?»

ወደ ቀለም ክፍሉ ገባሁ። ሸራ የለም፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ሚስቱ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና አንድ በር እየነፋች ነው። ደረጄ ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ጣሳ ይዞ ለሁለቱ ሠራተኞች ያሳያል። ሲያየኝ ጣሳውን አስቀመጠና ቆመ።

«እትዬ ሙሉ፣ ልጅቷም ያንኑ ነው የጠየቀችኝ» አለ።

«የሱሉልታን ፎቅ አልረሳሁልህም።»

«እኔም አልረሳሁትም።»

«በል እንግዲህ በሰው ፊት ንገረኝ። የያኔው ቀለም ውስጥ ምን ነበር?»

ሁለቱ ሠራተኞች ጆሯቸውን አቆሙ። ደረጄ መሬት መሬት አየና፣ «የጫማ ቀለም ነበር» አለ። «ሊስትሮ የሚቀባው ፈሳሹ፣ ቀዩ። ቫርኒሽ ውስጥ ጠብ አደርግበት ነበር። ያምራል፣ ግን ፀሐይ ይበላዋል። እንዳይታወቅብኝ ነበር የምጋርደው።»

የጫማ ቀለም! ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሸራ፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ውርደት! ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ሠራተኞቹ ሳቁ፣ ሚስቱ ኮምፕሬሰሩን አጥፍታ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ እሱም እያሳለ ሳቀ። ይቅር አላልኩትም። እኔ ብሆን ዛሬም አልቀጥረውም፤ ይህን ለሄለን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። እሷም «አውቃለሁ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች፤ አስፈቅዳኝም አልነበረ፣ ይቅርታም አልጠየቀችኝ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። መጋዙ ይጮኻል፣ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፣ አንድ ሰው መዶሻ እንዲያመጣለት ሌላውን ይጠራል። አንድም ሰው የእኔን ስም አልጠራም። ስልኬን አውጥቼ ለሰለሞን ደወልኩ።

«እህ፣ አባረርሻት?» አለ እየተጣደፈ።

«ሰለሞን፣ ቤትህ በእግሩ ቆሟል። ያለ እኔ ቆሟል፣ ሰማህ? ስድብህን መልሰህ ውሰድ።»

«እሺ፣ ወስጃለሁ» አለ።

«ያ ካባ የት ነው ያለው?»

«ቢሮ፣ ወንበሩ ላይ። እንዳስቀመጥሽው ነው፣ ማንም አልነካውም።»

«በል ነገ ላክልኝ፤ አሁን እለብሰዋለሁ።»